ጀበናው ተቀየረ እንጂ ቡናው ያው ነው?

የሸዋበር ልጅ፦ ትናንት ከመግሪብ በኋላ እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንድ የተማረ ሰው «ወለድ አልባ ባንክ ማለት ጀበናው ተቀየረ እንጂ ቡናው ያው ነው» ሲል ሰማሁ። ወላሂ ደሜ ፈላ! ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም መመሪያ እስኪያወጣ፣ በ2013 ዘምዘም ባንክ ሥራ እስኪጀምር ስንት ሰው ወለድ ሸሽቶ ብሩን ፍራሽ ሥር አስቀመጠ? አላህ ንግድን ሐላል፣ ወለድን ሐራም ብሎ ለይቶታል (ቁርኣን፣ አል-በቀራ 275)። እናንተ በምን አንድ ታደርጉታላችሁ?

ወፍጮ ቤት፦ ወንድሜ፣ ያን ቃል እኔም ብየዋለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ወፍጮ ልገዛ ሙራበሃ ጠየቅሁ፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ የሚሸጥልህ ማለት ነው። የባንኩን ስም አላነሳም። ፕሮፎርማ ይዤ ሄድኩ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወረቀት አስፈረሙኝ። «እገዛለሁ» የምልበት፣ ባንኩን ወክዬ ወፍጮውን የምረከብበት፣ ከዚያ ባንኩ ለእኔ የሸጠበት። ወፍጮው ግን ኮምቦልቻ፣ ሻጩ መጋዘን ውስጥ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ቆሟል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብን ሒዛምን «እጅህ የሌለውን አትሽጥ» ብለውት የለም?

የሸዋበር ልጅ፦ የአንድ ሠራተኛ ጥፋት ይዘህ ሥርዓቱን ጀበና አልከው።

የሆጤዋ፦ ጀበናውን ተዉትና ቡናውን ማን ገዛው? ጥያቄው እሱ ነው። ወፍጮው መንገድ ላይ ቢገለበጥ ኪሳራው የማን ነበር? የባንኩ ከሆነ ነግዷል፣ ትርፉ ይገባዋል። የወፍጮ ቤት ከሆነ ግን ባንኩ ብር አበድሮ ብር ተቀበለ።

ወፍጮ ቤት፦ ውሉ ላይ የእኔ ነው እህቴ። «ከተፈረመበት ሰዓት ጀምሮ» ይላል።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ በዱቤ ስሸጥ ዋጋ እጨምራለሁ። የአራቱም መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ መንገድ) አብዛኞቹ ዑለማዎች ከመለያየታችን በፊት ዋጋው አንድ ሆኖ ከተቆረጠ ይፈቅዱታል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውየው ቢዘገይ አንድ ብር አልጨምርበትም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ሱቄ መደርደሪያው ብቻ ሲቀር፣ ከመደበኛ ባንክ የወሰድኩት ብድር ወለዱ ሲቆጠር ከረመ። ተበዳሪ ከተቸገረ እስኪያገኝ ጠብቁት የሚለው አንቀጽ (አል-በቀራ 280) የገባኝ ያኔ ነው። ያው ቡና አይደለም!

ወፍጮ ቤት፦ አንተ የምትሸጠው ዕቃ መደርደሪያህ ላይ አለ። የእኔ ባንክ መደርደሪያ የለውም።

የፒያሳው፦ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ወለድ አልባ ሂሳብ ግን አለኝ። መግባት ይፈቀድልኛል?

ቦርከና፦ ይሄ የዲናችን ጉዳይ ነው፣ ለእናንተ ሌላ ቦታ አለ።

የሆጤዋ፦ ተው እንጂ ቦርከና! ወሎ ውስጥ «እናንተ» የሚባል ማን ነው? የእናቴ ወንድም ቄስ ነው። የፒያሳው፣ አብሽር፣ ግባ።

የፒያሳው፦ አብሽሪ እህቴ። የማየውን ልናገር። ወለድ ሐራም ነው እያለ በርበሬ ላይ ውሃ ረጭቶ የሚሸጥልኝ ነጋዴ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ከጆንያው መሀል እጄን ብሰድ ረጥቦ ወጣ።

ሰኞ ገበያ፦ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው ረጥቦ ወጥቶ ነው «ያታለለ ከእኛ አይደለም» ያሉት። ይሄን ጁምዓ ላይ ደጋግመን ልንሰማው ይገባል። ከወለዱ እኩል።

ቦርከና፦ ከርዕሱ አትውጡ። ኡስታዞቹ የሸሪዓ አማካሪ ሆነው ፈርመዋል፤ ወፍጮ ቤት ከእነሱ በላይ ያውቃል?

ወፍጮ ቤት፦ አላውቅም፣ አንቱ ብዬ ነው የምጠይቃቸው። ግን ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) አካዳሚ በ2009 እ.ኤ.አ ሻርጃ ላይ የተደራጀ ተወሩቅን፣ ማለትም ብር ፈላጊው ዕቃ በዱቤ ገዝቶ ወዲያው በጥሬ ብር እንዲሸጥ ባንኩ የሚያቀናጅበትን፣ የከለከለው ለምንድን ነው? ዕቃው በወረቀት ብቻ እየዞረ መጨረሻ ላይ ብር በብር ስለሆነ ነው። እዚያም የፈረሙ ዓሊሞች ነበሩ።

የሸዋበር ልጅ፦ ያ ተወሩቅ ነው፣ የአንተ ሙራበሃ ነው! አታደባልቅ። ደግሞ ብትዘገይ ቅጣቱ ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው፣ ለባንኩ ትርፍ አይገባም። ይሄስ ያው ቡና ነው?

የሆጤዋ፦ ወፍጮ ቤት፣ አል-በቀራ 282 ጻፉት ያለን እኮ ለዚህ ቀን ነው። ወረቀቶቹን አውጣና ቀናቸውን ንገረን።

ወፍጮ ቤት፦ አሁን ፊቴ ዘርግቻቸዋለሁ። የእኔ ቃል ኪዳን፣ ውክልናው፣ ሽያጩ። ሦስቱም ላይ አንድ ቀን ነው የተጻፈው። የሻጩ ደረሰኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ቦርከና፦ ደረሰኝ ዘግይቶ ሊቆረጥ ይችላል።

የሸዋበር ልጅ፦ ርክክቡስ? የርክክብ ሰነድ የለህም?