የዕቅድ ውይይት፦ የሚቀባ የጉበት ፓቴን በአትክልት ስለ ማበልጸግ

አርቃቂዋ፦ የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ የጋራ ሐሳባችንን የመጀመሪያ ረቂቅ አቅርቤያለሁ። ረቂቁ ከፓቴው (ከተፈጨ ጉበትና ስብ ከሚሠራው፣ ዳቦ ላይ ከሚቀባው ምግብ) ክብደት 20 በመቶው በተፈጨ ካሮት እንዲተካ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ካሮት ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ በሚለውጠው በቤታ ካሮቲን የበለጸገ መሆኑ ነው።

የሥነ ምግብ ባለሙያው፦ ረቂቁን በጥሞና ባነበውም ምክንያቱ አላሳመነኝም። ጉበት ቫይታሚን ኤ ከመጠን በላይ ስላለበት ነፍሰ ጡር ሴቶች እንዳይመገቡት ይመከራሉ፤ እንዲህ ላለው ምግብ በካሮት በኩል ቫይታሚን ኤ ልጨምርለት ማለት ወንዝ ዳር ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሥጋ ጨርሶ የሌለው አሰር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የዕፅዋት ክፍል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ዐዋቂዎች በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኙ ይመክራል፤ ኮዴክስ በተባለው የዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎች ስብስብ መመሪያ መሠረት ደግሞ አንድ ጠጣር ምግብ «የአሰር ምንጭ» ለመባል በ100 ግራም ውስጥ 3 ግራም ሊኖረው ይገባል። የተቀቀለ ካሮት በ100 ግራም 3 ግራም ገደማ አሰር ስላለው፣ 20 በመቶው ካሮት የሆነ ፓቴ የሚያገኘው 0.6 ግራም ብቻ ነው። በአንጻሩ 15 በመቶ የተቀቀለ ነጭ ቦሎቄና 3 በመቶ ቺኮሪ ከተባለ ተክል ሥር የሚወጣ ኢኑሊን የተባለ አሰር ብናስገባ መስፈርቱን እናልፋለን። ኢኑሊን ሲበዛ ሆድ ስለሚነፋ ግን ከዚህ ባናሳድገው እመርጣለሁ።

የምርት ክፍል ተወካይዋ፦ በቦሎቄው እስማማለሁ። ካሮቱን ጥሬውን ፈጭተን ያስገባንበትን ሙከራ አልረሳሁትም፤ ፓቴው ሲቀዘቅዝ በጠርሙሱ ግድግዳ ዙሪያ ብርቱካንማ ውኃ አቅርሮ፣ የቀረው በቢላ ሲነካ እንደ እርጥብ አሸዋ ይፈረፈር ነበር። ካሮቱ ለቀለምና ለጣፋጭነት በትንሹ ይግባ ከተባለ አስቀድሞ በምድጃ ተጠብሶ ውኃው ይውጣለት። ቦሎቄው የሚተካውም ስቡን እንጂ ጉበቱን መሆን የለበትም፤ ስቡንና ውኃውን አስተሳስሮ የሚይዘው የጉበቱ ፕሮቲን ነውና።

የጥራት ቁጥጥር ባለሙያው፦ ረቂቁ አንድም ቃል ያልተነፈሰበትን ጉዳይ ላንሣ። ሥራ ሥሮች ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ስፖር (ሙቀትን የሚቋቋም ዘር መሰል ቅርጹን) ከአፈር ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ አየር በሌለበት፣ አሲድነቱም ዝቅተኛ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ይህ ባክቴሪያ ይመቸዋል። ቦሎቄ ፓቴውን ስለሚያወፍረው ሙቀቱ ወደ መሐል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ የቀድሞውን የ121 ዲግሪ የማምከኛ ጊዜ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ በጠርሙሱ መሐል ተለክቶ እንደ አዲስ ይወሰን። በቃል የቀረበውን የቀይ ሥር ሐሳብ በተመለከተ፣ ቀይ ሥር ናይትሬት በብዛት ስላለው በመለያው ላይ «ከናይትሬት ነፃ» ብለን መጻፍ አንችልም።

የሥነ ምግብ ባለሙያው፦ በረቂቁ ውስጥ ስለ ፓቴው «ካንሰርን ይከላከላል» የሚለው ሐረግም ይሰረዝ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ አትክልት ስለ ጨመርንበት ፓቴያችን ከዚያ ምድብ አይወጣም።

አርቃቂዋ፦ ሐረጉን ሰርዣለሁ። የዓላማው ዐረፍተ ነገርም «ከስቡ ከፊሉን በቦሎቄና በኢኑሊን በመተካት በ100 ግራም ቢያንስ 3 ግራም አሰር ያለው የጉበት ፓቴ ማዘጋጀት» በሚል ተተክቷል። የሙቀት ልኬቱን የጥራት ቁጥጥር ባለሙያው፣ የቅምሻ ሙከራውን የምርት ክፍል ተወካይዋ እንዲጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።