ሽማግሌው ጠዋት ምን ይበለው?

እባካችሁ አግዙኝ፤ የጀመርኩት አጭር ልቦለድ መሃል ላይ ቆሞብኛል። ታሪኩ እንግሊዝ አገር ነው፤ ሴፕቴምበር 1939 እ.ኤ.አ.። ያኔ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የቦምብ ድብደባ ተፈርቶ በሦስት ቀን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ አብዛኛው ልጅ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ተልኳል። የልቦለዴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስሙ የተጻፈበት ካርድ ኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የጋዝ ጭምብሉን በካርቶን ይዟል። የተቀበለው ሽማግሌ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምታ የለመደ ሰው ነው። ግዴታ ሆኖበት እንጂ ልጅ አልፈለገም።

የጨነቀኝ እዚህ ጋ ነው። ልጁ ሌሊት ፍራሹ ላይ ይሸናል። ሽማግሌው ቢቆጣ ልጁ ይዘጋበታል። አቅፎ ቢያባብለው ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ምንም ሳይናገር አንሶላውን ቢያጥብስ? ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት። በሰው ቤት ያደጋችሁ፣ ያሳዳጊያችሁ ልብ መራራቱን መጀመሪያ ያወቃችሁት በምን ነበር?