ግራናዳ ለሁለት ሌሊት፦ ምን እናስቀድም?

ጥያቄ፦ የፍራንክፈርቷ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የጋብቻ በዓላችንን ለማክበር በኦክቶበር አጋማሽ ወደ ስፔን፣ ግራናዳ ልንሄድ ነው። አውሮፕላናችን ማላጋ ያርፋል። ዓርብ ከሰዓት ደርሰን እሑድ ማታ እንመለሳለን። አልሐምብራን፣ የድሮ ሙስሊም ነገሥታትን ቤተ መንግሥትና ምሽግ፣ ማየት ከድሮ ጀምሮ ምኞታችን ነው፤ ስለ ከተማው ግን ብዙ አናውቅም።

ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። የአልሐምብራን ትኬት እዚያው ደርሰን መግዛት እንችላለን? ባለቤቴን ጉልበቱን ስለሚያመው ዳገት ይከብደዋል፤ የት ብናርፍ ይሻላል? እኔ ደግሞ የጽጌን ጾም እጾማለሁ፤ የጾም ምግብ አገኛለሁ ወይስ ስንቅ ልያዝ? የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

መልስ፦ ከማድሪድ

እህቴ፣ እንኳን ለበዓላችሁ አደረሳችሁ። ሌላውን ሁሉ አቆዪውና መጀመሪያ ትኬቱን ግዢ። ዛሬውኑ። በቀን የሚገባው ሰው የተወሰነ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ቀድመው ያልቃሉ። በር ላይ እገዛለሁ ብሎ መሄድ አያዋጣም። የምትገዢውም ከአልሐምብራ ይፋዊ ድረ ገጽ ይሁን።

ስትመርጪ ተጠንቀቂ። «ሄኔራል» የሚባለው ትኬት ሁሉንም ያሳያል። ረከስ ያለው የአትክልት ቦታዎች ትኬት ግን የናስሪድ (የግራናዳ የመጨረሻ ሙስሊም ነገሥታት) ቤተ መንግሥቶችን አይጨምርም። እነሱን ሳያዩ መመለስ ደግሞ ያሳዝናል።

ለናስሪድ ቤተ መንግሥቶች ትኬቱ ላይ የተቆረጠ ሰዓት አለ። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ካልተገኛችሁ አያስገቧችሁም፤ ከገባችሁ በኋላ ግን የሚያጣድፋችሁ የለም። ከዋናው መግቢያ እስከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ትኬት የያዘ ሰው በ1348 በተሠራው በፍትሕ በር በኩልም መግባት ይችላል። ለጉልበት ያ ይሻላል፤ ለቤተ መንግሥቶቹ በጣም ይቀርባል።

መልስ፦ ተጓዡ

ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፤ ስትገቡም መታወቂያ ያያሉ። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃችኋል። እኛ የአባትና የአያት ስም ለምንጽፈው ይህ ግራ ያጋባል። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ አንድ ፊደል ሳትቀይሩ አስገቡ። ባልና ሚስት ናችሁና አንድ የቤተሰብ ስም እንሙላ እንዳትሉ። የሞላችሁት የፓስፖርት ቁጥር ከሆነ ፓስፖርቱን ራሱን ያዙ፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ብቻ አይበቃም።

መልስ፦ የማላጋው

ማረፊያችሁን መሃል ከተማ፣ በፕላሳ ኑዌቫ አካባቢ አድርጉት። አልባይሲን የሚባለው የድሮ ሰፈር ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ኮረብታ ላይ ነው። መንገዱ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ደረጃ የበዛበት ነው። ታክሲ የማይደርስባቸው ጠባብ መተላለፊያዎችም አሉት። ባለ ጎማ ሻንጣ እዚያ ላይ መጎተት ለጤነኛ ጉልበትም ቅጣት ነው።

ለዳገቱ ትንንሽ የከተማ አውቶቡሶች አሉላችሁ። ወደ አልሐምብራ ሲ30፣ ወደ አልባይሲን ሲ31 ይወስዳችኋል። ጀንበር ስትጠልቅ በሲ31 ወጥታችሁ ሳን ኒኮላስ አደባባይ ላይ ቁሙ። አልሐምብራ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ ከጀርባው የሴራ ኔቫዳ ተራሮች አሉ። ሰው ስለሚበዛ ቦርሳሽን ከፊት ያዢው። ሲጨናነቅባችሁ አጠገቡ በ2003 የተከፈተው መስጊድ አለ። የአትክልት ቦታው ለጎብኚ ክፍት ነው፤ እይታው ያው ሆኖ ጸጥ ያለ ነው። ጃኬት አትርሱ፤ በኦክቶበር ምሽቱ ይበርዳል።

ካቴድራሉ አካባቢ ደግሞ የሮዝመሪ ቅጠል እጃችሁ ላይ የሚያስቀምጡ ሴቶች አሉ። ስጦታ ይመስላል፤ ከዚያ ግን መዳፍ አንብበው ገንዘብ ይጠይቃሉ። «ኖ ግራሲያስ» ብላችሁ እለፉ።

መልስ፦ ጾመኛዋ

እህቴ፣ ስለ ምግቡ አታስቢ። ካልዴሬሪያ ኑዌቫ የሚባለው ጎዳና በሞሮኮና በአረብ ሻይ ቤቶች የተሞላ ነው። ፈላፍል፣ ሁሙስና የአትክልት ኩስኩስ ታገኛለሽ። ሾርባ ከሆነ በሥጋ መረቅ አለመሠራቱን ጠይቂ። የግራናዳ ሰው የሚወደው በሸንኮራ አገዳ ማር የሚቀርብ የተጠበሰ ደበርጃንም አለ። እሱንም ከመጥበሱ በፊት ወተት ውስጥ የሚዘፈዝፉት ስላሉ ሳትጠይቂ አትብዪ።

ግራናዳ ውስጥ መጠጥ ስታዙ ትንሽ ሳህን ምግብ፣ ታፓ፣ በነጻ ይመጣል። ባለቤትሽ ደስ ይለዋል። ላንቺ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ወይም አይብ አለበት። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሁዌቮ፣ ሲን ሌቼ» በያቸው፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ወይራና ዳቦ በቲማቲም ያመጡልሻል።

ዓርብ ከሰዓት ስትደርሱ የብዙ ምግብ ቤቶች ማድ ቤት ከምሳ በኋላ ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። እራት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት እምብዛም አይጀመርም። ለዚያች ሰዓት ዳቦና ፍራፍሬ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

የፍራንክፈርቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሸክም አቀለላችሁልኝ። ትኬቱን ለማየት ገባሁ። ቅዳሜ አልቋል። የቀረው እሑድ ጠዋት 8:30 ነው። ልግዛው? ቅዳሜስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከማድሪድ

ሳታመነቺ ግዢው! ጠዋት ሕዝቡ ሳይበዛ የአንበሶቹን ግቢ ታያላችሁ። አሥራ ሁለቱ የእብነ በረድ አንበሶች ምንጩን ተሸክመዋል፤ ከአዳራሾቹ በቀጭን ቦይ የሚመጣው ውኃ እግራችሁ ሥር ያልፋል። ግድግዳውንም ቀረብ ብላችሁ እዩት። «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው የናስሪዶች ቃል በአረብኛ ደጋግሞ ተቀርጿል። ሄኔራሊፌ የሚባለው የአትክልት ቦታ ውስጥ ውኃ በመደገፊያው ላይ እየወረደ የሚፈስበት ደረጃ አለ። ለጉልበቱ ከከበደው ባለቤትሽ ከታች ይቀመጥ፤ አንቺ ግን እጅሽን ውኃው ላይ አድርገሽ ውጪ።

ቅዳሜን ለከተማው አድርጉት። ካፒያ ሬያል የሚባለው የነገሥታት ጸሎት ቤት እንዳያመልጣችሁ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1492 ከመጨረሻው የናስሪድ ንጉሥ ከተማዋን የተረከቡት የስፔን ካቶሊክ ነገሥታት ኢሳቤላና ፈርዲናንድ የተቀበሩት እዚያ ነው። ላይ ያለው የእብነ በረድ ሐውልት እጅግ ያጌጠ ነው። ጥቂት ደረጃ ስትወርዱ ግን ሬሳ ሣጥኖቹ ተራ እርሳስ ናቸው። እኔ ከሐውልቱ ይልቅ እነሱ ናቸው ያስቆሙኝ። ከዚያ በዳሮ ወንዝ ዳር ያለውን መንገድ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል።

መልስ፦ የማላጋው

እሑድ ጠዋት ሻንጣችሁን ሆቴሉ ያስቀምጥላችሁ። ከግራናዳ መናኸሪያ በቀጥታ ማላጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገባ አውቶቡስ አለ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እሑድ ስለሚሞላ እሱንም አሁኑኑ ቁረጡ። መናኸሪያው ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል ከሆቴል ታክሲ ያዙ። በረራችሁ ስንት ሰዓት ነው? ንገሪኝና የትኛው አውቶቡስ እንደሚያደርሳችሁ አብረን እናያለን።