ማታ በቴሌግራም የሚመጣ ትእዛዝ እንደ ሥራ ይቆጠራል?

ጠያቂ፦ ገንዘብ ከፋይዋ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በገንዘብ ከፋይነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብር መቁጠርም ሆነ ደንበኛ ማስተናገድ አማርሮኝ አያውቅም፤ ያማረረኝ ሥራውን ያቀላል ተብሎ የመጣው ቴክኖሎጂ ነው። ደመወዝ በሚገባበት ቀን ሲስተም ሲቆም፣ ደንበኛው ከመስታወቱ ጀርባ የሚያየው እኔን እንጂ የተቋረጠውን መስመር ስላልሆነ ቁጣው በእኔ ላይ ይወርዳል። ሲስተሙ ሲመለስ የተጠራቀመውን ወረፋ በጥድፊያ እናስተናግዳለን፤ በዚያ ጥድፊያ የተሳሳትኳት አንዲት ዜሮ ደግሞ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ጉድለት ሆና ከደመወዜ ትቆረጣለች።

ከዚህ የሚብሰው ግን የቅርንጫፉ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ማን ስንት ደንበኛ ለሞባይል ባንኪንግ እንደመዘገበ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይለጠፋል፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ስም በቀይ ይቀለማል፤ ከሥሩም «ምክንያታችሁን አሁኑኑ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ ይከተላል። ባለፈው ሳምንት ልጄን ሳስጠና ስልኬ ሲጮህ፣ ልጄ ከደብተሩ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ዛሬም ቀይ ነሽ?» አለኝ። ይህ የእኔ ድክመት ነው ወይስ የታወቀ ችግር? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ

እህቴ፣ ድክመት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሬግ ብሮድ በ1984 እ.ኤ.አ. «ቴክኖስትረስ» (ከቴክኖሎጂ የሚመጣ ጭንቀት) በሚል ስም መጽሐፍ ጽፎበታል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መንስኤዎቹን በአምስት ከፍለው ያዩአቸዋል፤ የሥራ ጫና፣ ወደ ቤት ሕይወት ዘልቆ መግባት፣ የአሠራር ውስብስብነት፣ ሥራን የማጣት ስጋትና የማያቋርጥ ለውጥ። እርስዎን የያዙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይመስሉኛል። በአንድ ነገር ግን አልስማማም፤ ስምዎን በቀይ የቀለመው ቴክኖሎጂው ሳይሆን ሰው ነው። ድሮም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይለጠፍ ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ ሰሌዳው ቢሮ ቀርቶ ሠራተኛው ብቻ ቤቱ መግባቱ ነው።

መልስ፦ የሕግ አማካሪ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን የሚተረጉመው ሠራተኛው ሥራውን በተግባር የሚያከናውንበት ወይም ራሱን ለሥራ ዝግጁ የሚያደርግበት ጊዜ ብሎ ሲሆን፣ ጣሪያውም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ አሠሪው ያዘዘው ሥራ የትርፍ ሰዓት ስለሆነ፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለተሠራው የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራው ደግሞ በአንድ ከሰባ አምስት ተባዝቶ ይከፈላል። ፈረንሳይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከሥራ መገናኛ መሣሪያዎች የመለየት መብትን በሕግ አስገብታለች፤ የእኛ አዋጅ ስለ ቴሌግራም በስም አይናገርም። ሆኖም «አሁኑኑ ጻፉ» የሚለው ቃል በእኔ አስተያየት የጽሑፍ ትእዛዝ ነውና መልእክቱን ሰዓቱ እንደሚታይ አድርገው ያስቀምጡት። ከደመወዝ የሚቆረጠውም ቢሆን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በራስዎ የጽሑፍ ስምምነት ካልተደገፈ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝዎ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

መልስ፦ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ። ለእኔም ከበላዬ ካለው የዲስትሪክት ቢሮ ትእዛዝ ማታ ይመጣል፤ የሥራ መሪ በመሆኔ ደግሞ ይህ አዋጅ እኔን አይመለከተኝም። አንድ ነገር ግን ማድረግ ችያለሁ፤ ማታ የጻፍኩትን መልእክት ቴሌግራም ራሱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲልከው ቀጠሮ አስይዘዋለሁ። በዚህ ምክንያት የቀረ ሥራ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጠያቂ፦ ገንዘብ ከፋይዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልእክቶቹን ከነሰዓታቸው ሰብስቤ ለሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ አሳያለሁ። የጠዋቱን 2 ሰዓት ነገር ግን ለአለቃዬ በምን ቋንቋ እንደምነግረው ገና እያሰብኩ ነው።