በሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ላይ በእንጨት እሳት የጾም ምግብ ማብሰል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር መጨረሻ ስድስት ሆነን ከደባርቅ ተነሥተን በሳንቃበርና በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ በእግር ለመጓዝ አስበናል። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቅቤና ቋንጣ አንይዝም። ባለፈው ጉዟችን ግጭ ላይ የአተር ክክ ጥደን ሁለት ሰዓት ተኩል ብናነድበትም ክኩ ጥርስ ላይ እየተንኮሻኮሸ፣ ወጡም ጢስ ጢስ እያለ ነው የበላነው። ጥፋታችን ምን ይሆን?

መልስ 1፦
ጥፋቱ ከእናንተ ይልቅ የከፍታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ግጭ ውሃው በ88 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል፤ ከዚያ ወዲያ እሳቱን ቢያበረቱት ውሃውን ያተነዋል እንጂ ክኩን አያበስለውም። ዘይት ግን ይህ ገደብ ስለሌለበት ሽንኩርቱና በርበሬው እዚያም እንደ ቤት ይቁላላል። ስለዚህ ክኩን ትታችሁ አስቀድሞ እሳት ያየውን ያዙ፦ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ። በዘይት በደንብ በተቁላላ ቁሌት ላይ ትንሽ ውሃ ጨምሮ ድርቆሹን መፈርፈር ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ክኩ የግድ ነው ካላችሁ ጠዋት ስትነሡ በሚከደን ዕቃ ዘፍዝፋችሁ በበቅሎ ጫኑት፤ ማታ ስትደርሱ ግማሽ ሥራው አልቆ ይጠብቃችኋል።

መልስ 2፦
የከፍታው ነገር እውነት ቢሆንም ማገዶውም ነጻ አይወጣም። ወጡን ጢስ ጢስ ያሰኘው ያልደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ወይም ነበልባል ላይ ድስቱን ሳይከድኑ መጣድ ይመስለኛል። በፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ስለሆነ (እዚያ የሚበቅለው አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ደግሞ ቶሎ የሚያድግ አይደለም) የደረቀ ፍልጥ ወይም ከሰል ከደባርቅ ገዝታችሁ ጫኑ፤ እሳትም በተፈቀደበት ሰፈር ብቻ አንድዱ። ከሦስቱ ጉልቻ ጎን ሌላ ትንሽ እሳት እያነደዳችሁ፣ ፍሙን ብቻ እየጫራችሁ ወደ ድስቱ ሥር አምጡ፤ በተለይ ሽሮ ነበልባልን አይወድም፣ ከሥሩ ያርራል። የድስቱን ውጭ ከመጣዳችሁ በፊት ሳሙና ብትቀቡት ጥላሸቱ ሲታጠብ በቀላሉ ይለቃል።

ለዳቦ ከብርኩታ የሚሻል አላውቅም። ጠንከር ብሎ የተቦካ ሊጥ፣ በእሳት በጋለ ድንጋይ ላይ ይጠቀለልና ፍም ዳር እየተገላበጠ ይጋገራል፤ ድንጋዩ ከውስጥ፣ ፍሙ ከውጭ ስለሚያበስሉት ምጣድ መሸከም ይቀራል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክኩን ትተን ድርቆሽና ሽሮ እንይዛለን። ለብርኩታው ድንጋዩን ከወንዝ ብናነሣ ችግር አለው?

መልስ 2፦
ከወንዝ አታንሡ። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ሊፈነዳና ፍንጣሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ ጭብጥ የሚሞላ ድንጋይ ምረጡ፤ ሲግልም ትንሽ ራቅ ብላችሁ ጠብቁት።