የአሜሪካን ታሪክ በሕዝብ ዘፈን ማስተማር

ጥያቄ፦ ለ8ኛ ክፍል የ40 ደቂቃ ትምህርት በዘፈንና በትረካ ማዘጋጀት ፈልጌ ነበር። በየትኛው ልጀምር?

መልስ 1፦ በጆን ሄንሪ ዘፈን ይጀምሩ፤ ጆን ሄንሪ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር በመዶሻ ዐለት እየበሳ ከእንፋሎት መሰርሰሪያ ማሽን ጋር ተወዳድሮ አሸንፎ ወዲያው ሞተ የሚባልለት የአፈ ታሪክ ሠራተኛ ነው። 5 ደቂቃ ይተርኩ፦ የዌስት ቨርጂኒያው የቢግ ቤንድ ዋሻ ከ1870 እስከ 1872 እ.ኤ.አ. ሲቆፈር ብዙዎቹ ሠራተኞች ከባርነት ገና የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። ከዚያ ዘፈኑን ሁለቴ ያሰሙ፤ በሁለተኛው ዙር ልጆቹ መዶሻው በሚያርፍበት ምት ላይ ዴስክ ይምቱ። ክንዳቸው ሲዝል ሥራው ምን እንደነበር ይገባቸዋል። የግጥሙን ወረቀት ግን ቀድመው አይስጡ፤ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ማዳመጥ ይተዋሉ። የቀረው ሰዓት ለክርክር ይሁን፦ ማሽኑን ረትቶ መሞቱ ድል ነው?

መልስ 2፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ዘፈን ሁሉ የዘመኑ ምስክር አይደለም። ባሪያዎች ወደ ሰሜን ሲያመልጡ መንገድ ያሳያቸው ነበር የሚባለው የመጠጫ ቅል ዘፈን የታተመው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባርነት ከተሻረ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ! ስለዚህ ልጆቹ በየዘፈኑ ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይጻፉ፦ ድርጊቱ የተፈጸመበትንና ዘፈኑ የተመዘገበበትን።