ካይሎማይክሮን (አንጀት የበላነውን ስብ አሽጎ የሚልክበት ቅንጣት) በዛች ሚጢጢ ቬሲክል (የሴል ማጓጓዣ ከረጢት) እንዴት ይወጣል??

ማራኪ_2ኛ_ዓመት፦
ሰላም ቤቶች፣ ሐሙስ ባዮኬሚስትሪ ፈተና አለብኝና አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ሴል ውስጥ ከኢአር (ፕሮቲን ከሚሠራበት ክፍል) ወደ ጎልጂ (ወደሚደራጅበት ክፍል) ፕሮቲን የሚወስዱት ኮፕ ቱ ቬሲክሎች ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር ናቸው አይደል፣ ካይሎማይክሮን ደግሞ ከ75 ይጀምርና ከ400 በላይ ይደርሳል። በየት በኩል ነው የሚወጣው? ክላስ ላይ "ታሽጎ ይሄዳል" ተብሎ ታለፈ 😩

የአዘዞው፦
ያው ቁም ሳጥን በባጃጅ ከአዘዞ ፒያሳ አምጣልኝ እንደማለት ነው 😂 መጀመሪያ ግን ጭነቱን እዪው። ኤፖቢ፣ የካይሎማይክሮኑ ዋና ፕሮቲን፣ ገና ራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) ላይ እየተሠራ እያለ ኤምቲፒ የሚባለው ፕሮቲን ስብ እየጫነበት ነው የሚሄደው፣ ስብ ካላገኘ አይተርፍም፣ ፕሮቲያዞም (የሴሉ ፕሮቲን ሰባሪ) ይሰባብረዋል። ከዛ ኢአር መውጫው ላይ ታንጎ ዋንና ታሊ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ እነሱ ቬሲክሉ በትንሹ ተቆርጦ እንዳይሄድ ያቆዩትና ለትልቁ ጭነት የሚበቃ ማጓጓዣ ይሠራል ነው የሚባለው። ቅርጹ ክብ ይሁን ቱቦ አሁንም ይከራከሩበታል፣ አንጀት ላይ ኮፕ ቱ ሳይሆን ሌላ ቬሲክል ነው የሚሉም አሉ። ሳር ዋን ቢ ግን እንዳትረሺ፣ የኮፕ ቱን ሥራ የሚያስጀምረው ፕሮቲን ነው፣ የእሱ ጂን ሲበላሽ ስቡ አንጀት ሴል ውስጥ ታጉሮ ይቀራል፣ ሕፃኑ በተቅማጥ ይሰቃያል፣ ክብደትም አይጨምርም።

ማራኪ_2ኛ_ዓመት፦
ተባረክ ወንድሜ! ጉበትም እንደዚሁ ነው?

የአዘዞው፦
በአብዛኛው አዎ፣ ግን የጉበቱ ስብ ተሸካሚ ቅንጣት ቪኤልዲኤል ከ30 እስከ 80 ናኖሜትር ስለሆነ ያን ያህል አይጨናነቅም። ጉበት ኤፖቢ 100 ነው የሚጠቀመው፣ አንጀት 48። ጂኑ አንድ ነው፣ አንጀት ውስጥ አርኤንኤው (የጂኑ ግልባጭ) ላይ አንዲት ፊደል ከሲ ወደ ዩ ትቀየርና የማቆሚያ ምልክት ትፈጥራለች፣ ፕሮቲኑ ግማሽ ላይ ይቀራል። ይቺን ይጠይቃሉ።

ላብ_ሰው፦
እኔ ቲዎሪው ላይ የለሁበትም ላብራቶሪ ነው የምሠራው ግን ካይሎማይክሮን በዓይኔ አይቻለሁ 😄 የፋሲካ ማግስት አንድ ጋሼ ለሊፒድ ፕሮፋይል (የደም ስብ ምርመራ) መጡ፣ ምንም አልቀመስኩም አሉኝ፣ ደሙን ሴንትሪፊዩጅ አድርጌ (በማሽን አሽከርክሬ) ባወጣው ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ወተት! ፍሪጅ አሳድሬ ሳየው ከላይ ስልባቦት ሠርቷል፣ እሱ ነው ካይሎማይክሮን፣ ቪኤልዲኤል ቢሆን አይንሳፈፍም እንዲሁ እንደደፈረሰ ነው የሚያድረው። በማግስቱ ደግመው ሲመጡ "ኧረ ልጄ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የተረፈችውን ዶሮ ቀመስ አድርጌያለሁ፣ እሷም ትቆጠራለች እንዴ?"